የኦሎምፒክ ባሕር ዳርቻዎች፦ የትኛውን፣ ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት

"ባሕሩ የሚሸሸው ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ እንዳትዘገይ" ብዬው ነበር የአጎቴን ልጅ። እኔ ያልኩት የጠዋቱን ሰባት ተኩል ነው፣ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት በሚያሳየው ሰንጠረዥ ላይ እንደተጻፈው። እሱ ደግሞ ሃያ ዓመት አሜሪካ ኖሮም ሰዓት በአማርኛ ከተነገረው በሐበሻ የሚቆጥር ሰው ነው። ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ጭኖ ከሲያትል አራት ሰዓት ያህል ነዳና ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ ሪያልቶ ቢች የሚባለው የኦሎምፒክ ዳርቻ ደረሰ። በራሱ ሰዓት አንድ ደቂቃ አላጠፋም። ባሕሩ ግን ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። እኛ ጠዋት ልጆች ያሯሯጥንበት ቦታ በሙሉ ውኃ ውጦታል፤ ማዕበሉ ከዳር የተከመሩትን ግንዶች ሥር ሥራቸውን ይመታል። ስልክ ስለማይሠራ ሊደውልልኝም አልቻለም። ማታ ፎርክስ የምትባለው ከተማ፣ ያደርንበት ሞቴል በር ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም፦ "የታለ የሸሸው?"

ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሰዓት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ሲያትል ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ስለሆነ ውኃ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። ጣና ግን በቀን ሁለት ጊዜ ተነስቶ አይሄድም። ከክረምት በኋላ ይሞላል፣ በበጋ ይቀንሳል፣ በቃ። የመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስሄድ ኢንተርኔት ላይ ያየሁትን ፎቶ ይዤ ነው የሄድኩት፤ ፎቶው ላይ ያለውን ቦታ ፈልጌ አጣሁት። ቦታው እዚያው ነበረ፣ ሦስት ሜትር ውኃ ሥር።

አካባቢውን ለማታውቁት፦ ከሲያትል በስተምዕራብ፣ የፑጀትን ባሕረ ሰላጤ ተሻግሮ፣ የኦሎምፒክ ልሳነ ምድር የሚባለው አለ። መሃሉ በረዶ የለበሰ ተራራ ነው፣ ምዕራቡ ደግሞ ፓስፊክ ውቅያኖስ። ብሔራዊ ፓርኩ በ1938 ተቋቋመ፤ የባሕሩ ዳር የተጨመረለት በ1953 ነው። 73 ማይል፣ ማለትም 117 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ዱር ዳርቻ ነው። አብዛኛው ጋ መኪና አይደርስም። ጃንጥላ ተክሎ አሸዋ ላይ መተኛት የለም፣ አይስክሬም አዟሪ የለም፣ ዋና የለም። ሞምባሳን ወይም ዱባይን እያሰበ የሚመጣ ሰው ተናዶ ይመለሳል። እዚህ ያለው ጥቁር ድንጋይ፣ ጉም፣ ባሕሩ የተፋው ግንድና ከውኃው መሃል ቀጥ ብለው የቆሙ አለቶች ናቸው። ፈረንጆቹ ሌላ ስም አላቸው፤ እኔ ግን አምባ ነው የምላቸው። ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ላይ ዛፍ የበቀለበት፣ መውጫ የሌለው። ደብረ ዳሞን ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ልዩነቱ ገመድ የሚጥልልህ መነኩሴ አለመኖሩ ነው።

ቀድሜ የሄድኩ ስለሆነ ሰው ሁሉ እየደወለ "የትኛው ቢች ይሻላል?" ይለኛል። እኔም መልሼ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። መቼ ነው የምትሄዱት? መኪናው ውስጥስ ማን አለ?

መጀመሪያ "መቼ" የሚለውን ልጨርስ፤ ገንዘብም ነዳጅም የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

ታይድ የምንለው የባሕሩ ሙላትና ጉድለት በዚህ ዳርቻ በቀን ሁለት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱ ግን እኩል አይደሉም። አንዱ ጉድለት በጣም ይሸሻል፣ ሌላው ለይምሰል ያህል ነው። በየቀኑ ደግሞ ሃምሳ ደቂቃ ገደማ እየዘገየ ይሄዳል፤ ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ የሄደ ጓደኛህ የነገረህ ሰዓት ለዚህ ቅዳሜ አይሠራም። የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት፣ ኖዋ የሚባለው፣ ሰንጠረዡን በነፃ ያወጣል። "ላ ፑሽ" የሚለውን ጣቢያ ፈልጉ። ስትከፍቱት ለእያንዳንዱ ቀን አራት መስመር ገደማ ታያላችሁ። ለምሳሌ እኛ የሄድንበት ቀን ጠዋት 7:31 ላይ ከዜሮ በታች 1.3 ጫማ ይል ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ግድም ደግሞ 7 ጫማ። ዜሮ ማለት የየዕለቱ ዝቅተኛ ጉድለት አማካይ ነው። ፊቱ ላይ የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቀን ካገኛችሁ ባሕሩ ከወትሮው አልፎ ይሸሻል ማለት ነውና ሥራ ቀይሩ፣ ሂዱ። የኔ የራሴ መለኪያ ይሄ ነው፦ ከ1 ጫማ በታች ከሆነ ሪያልቶ ወይም ሁለተኛው ቢች (ሁለቱንም ከታች እነግራችኋለሁ)፤ ከ5 ጫማ በላይ ከሆነ ከመኪና ብዙ አልርቅም። የምደርሰውም ዝቅ ከሚልበት ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ቀድሜ ነው። ሰው በጉድለቱ ሰዓት ደርሶ መራመድ ሲጀምር ባሕሩ ከኋላው መመለስ ጀምሯል።

በበጋ፣ ማለትም ከግንቦት እስከ ነሐሴ፣ ትልልቆቹ ጉድለቶች የሚውሉት ጠዋት ነው። በክረምት ወደ ሌሊት ይዞራሉ። ሲያትል አድሮ የጠዋት ጉድለት ለመድረስ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት (ይሄን እንኳ በሐበሻ ነው ያልኩት) መነሳት ያስፈልጋል። እኔ አንድ ጊዜ ሞክሬው ሌክ ክሬሰንት ዳር ያለው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ዐይኔ ሊከደን ሲል ልጄ "አባዬ!" ብላ ጮኸች። ከዚያ ወዲህ ፎርክስ ወይም ካምፕ ነው የማድረው።

እናቴ ስለ ታይዱ ስነግራት ብዙ አላስደነቃትም። አባቷ መርጌታ ነበሩ፤ ባሕረ ሐሳቡን፣ ሠርቀ ሌሊቱን ከልጅነቷ ስትሰማ ነው ያደገችው። "ጨረቃዋ ስንት ቀኗ ነው?" አለችኝ። ሙሉ ጨረቃ ልትሆን አንድ ቀን ቀርቷታል አልኳት። "እንግዲያው በጣም ይሞላል፣ በጣም ይጎድላል" አለች። ልክ ናት፤ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ነው የሁለቱ ርቀት የሚሰፋው። እኔ ይሄን ለማወቅ ሁለት ቪዲዮ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ቦታዎቹ።

ሪያልቶ መኪና አቁሞ ወዲያው ባሕሩን ማየት ከሚቻልባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። ከ101 አውራ ጎዳና ፎርክስ አጠገብ ወደ ላ ፑሽ ይታጠፋል፣ ከዚያ መንገዱ ሲከፈል ወደ ሞራ የሚለውን መያዝ ነው። ዳርቻው አሸዋ አይደለም፤ ውኃ አሽቶ አሽቶ እንደ እንቁላል ያለሰለሰው ግራጫ ጠጠር ነው። ማዕበሉ ወጥቶ ሲመለስ ጠጠሩን እየጎተተ ይመለሳል፤ ድምፁ ሴት ወይዘሮ ጤፍ በወንፊት ስትነፋ ከሚሰማው ጋር አንድ ነው፣ ብቻ ወንፊቱ የአንድ ማይል ስፋት አለው። ጠጠር ላይ መራመድ አድካሚ ነው፣ ቁርጭምጭሚት ይይዛል። ጠዋት ባሕሩ ሲሸሽ ግን ከጠጠሩ በታች ጠንካራ አሸዋ ይወጣል፤ በእሱ ላይ ሂዱ።

ወደ ሰሜን አንድ ማይል ተኩል ያህል ሲሄዱ "ሆል ኢን ዘ ዎል" የሚባል፣ ባሕሩ የበሳው የአለት በር አለ። በመንገድ ላይ ኤለን ክሪክ የምትባል ወንዝ ትቋረጣለች፤ አንዳንዴ በግንድ ላይ፣ አንዳንዴ ጫማ አውልቆ። ውሻ ያላችሁ ከዚች ወንዝ ማዶ ይዛችሁ መሻገር አይፈቀድም። በሩን በእግር ማለፍ የሚቻለው በጉድለት ብቻ ነው። ከላዩ በገደሉ አናት የሚያሻግር ቀጭን መንገድም አለ፤ ቀይና ጥቁር ክብ ምልክት ዛፍ ላይ ተቸንክሮ ካያችሁ እሱ ነው። ያ ምልክት በመላው ዳርቻ አንድ ነው፦ "የላይኛው መንገድ በዚህ ነው" ማለት ነው።

ለእኔ ግን ዋናው ነገር በሩ አይደለም። ከበሩ ሥርና ከዚያ ማዶ ባሕሩ ሲሸሽ አለቱ ውስጥ ጥሎት የሚሄደው ውኃ ነው፣ እንደ ገንዳ እንደ ሳህን ሆኖ የቀረው። ልጄ በሆዷ ተኝታ አንዱን ግማሽ ሰዓት አየችው፤ እኔም ጉልበቴን አጥፌ አጠገቧ። መጀመሪያ ምንም የለም። ዐይን ሲለምድ ድንጋይ የመሰለው ነገር ሁሉ ሕይወት ያለው መሆኑ ይታያል። የእጅ መዳፍ የሚያክሉ ሐምራዊና ብርቱካናማ የባሕር ኮከቦች አለቱን በአምስት ጣታቸው ጨብጠው ተለጥፈዋል። አረንጓዴ አበባ የመሰለ እንስሳ አለ፤ ጣት ሲነካው ይሰበሰብና አሸዋ የለበሰ እምብርት ይመስላል። ልጄ አንድ ጊዜ ነክታ እጇን ስባ "ሳመኝ!" አለች፤ እውነትም የሚይዝ የሚይዝ ይላል። ቀንድ አውጣ ነው ብለን የተውነው ዛጎል ድንገት ስድስት ቀጫጭን እግር አውጥቶ ሄደ፤ ውስጡ የገባበት ትንሽ ሸርጣን ነበር። እነዚህ የባሕር ኮከቦች ከ2013 ጀምሮ ሰውነታቸውን በሚያሟሟ በሽታ በብዙ ቁጥር አልቀው ነበር፤ ስለዚህ ልጆች ከአለቱ እንዳይነቅሏቸው አደራ። እግራችሁንም ባዶ አለት ላይ አሳርፉ፣ አረንጓዴው ላይ አይደለም፤ እነሱም ይጨፈለቃሉ፣ እናንተም ትንሸራተታላችሁ።

ከሪያልቶ በስተደቡብ፣ ከክዊላዩት ወንዝ ማዶ ላ ፑሽ አለ። የክዊሊዩት ሕዝብ መንደር ነው። እነሱ አገር ውስጥ እንግዳ መሆናችሁን ሳትረሱ ሂዱ፤ ቤታቸውን፣ መቃብራቸውን ፎቶ አታንሱ። ከላ ፑሽ ጀምሮ ቢቾቹ በቁጥር ነው የሚጠሩት፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ።

ሁለተኛው ቢች የፎቶው ቢች ነው። ከመኪና ማቆሚያው 0.7 ማይል በጫካ ውስጥ ይኬዳል፣ ጢም የመሰለ የዛፍ ሽበት ባንጠለጠሉ ዛፎች ሥር፣ መጨረሻ ላይ ደረጃ ወርዶ። ብዙ ሰው "አጭር ናት፣ ለሽማግሌም ትሆናለች" ይላል። ይሄን ሰምቼ እናቴን ወሰድኳት። ጫካውን በምርኩዟ ቀስ ብላ ወረደችው፣ ተደሰተችም። ከታች ግን ግንዱ አለ። እንደ ክብሪት እንጨት የተበተነ፣ ግን እያንዳንዱ ከሰው ወገብ የሚወፍር፣ የለሰለሰና እርጥብ። ያንን ሳይሻገሩ አሸዋው አይገኝም። እናቴ አንዱ ግንድ ላይ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ "እናንተ ሂዱ፣ እኔ ከዚህ አየዋለሁ" አለች። ከተቀመጠችበት የሚታየው የግንድ ጀርባ ብቻ ነበር። አሥር ደቂቃ ቆይተን ተመለስን። ዳገቱን ስትወጣ ሦስት ጊዜ አረፈች፤ አልተናገረችም፣ እኔ ግን ዝምታዋን አውቀዋለሁ።

ጉልበቱ ላለው ሰው ሁለተኛውን የሚያህል የለም። አሸዋው ጠፍጣፋ ነው፤ ባሕሩ ሲሸሽ መስተዋት ይሆንና አምባዎቹ ተገልብጠው ይታያሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት ከመጣችሁ የእጅ ባትሪ ያዙ፣ ጫካው ውስጥ ጨለማው ድፍን ነው፣ ስልክ መብራት አይበቃም። ውሻ እዚህ ጨርሶ አይገባም።

ሦስተኛው 1.4 ማይል ይኬድበታል፤ ሰው ይቀንሳል፣ በስተደቡብ በኩል ከገደል በቀጥታ ወደ ዳርቻው የሚወርድ ፏፏቴ ከሩቅ ይታያል። ጢስ ዓባይን አትጠብቁ፣ ቀጭን ነጠላ ጥለት ነው። እሱን ካለፈ በኋላ ቴይለር ፖይንት የሚባለው ገደል አለ፤ እሱን በታች መዞር በየትኛውም ጉድለት አይቻልም። እኔ እስከ መሃሉ ነው የሄድኩት።

እናቴን የካሰችው አንደኛዋ ቢች ናት፣ ማንም የማያወራላት። መንደሩ ውስጥ ናት፤ መኪና አቁመህ በሩን ስትከፍት ባሕሩ ፊት ለፊትህ ነው። አምባው ጄምስ አይላንድ አፍንጫህ ሥር ነው። እዚያ ተጣጣፊ ወንበር አወጣን፣ ነፋሱን መኪናው ከለለልን፣ ፔርሙስ ሻይና ዳቦ ቆሎ ይዘን ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። ጥቁር የጎማ ልብስ የለበሱ ልጆች በሰሌዳ ማዕበል ሲጋልቡ እናቴ እያንዳንዳቸው በወደቁ ቁጥር "ውይ ልጄን!" ትላለች። በመጋቢትና በሚያዝያ ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች ወደ ሰሜን ሲያልፉ ወደ ዳር ስለሚጠጉ ከዚህ የሚያያቸው ብዙ ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው፣ ሕፃን በጋሪ፣ ወገቡ የታመመ ካላችሁ ሌላ አትፈልጉ።

ሩቢ ቢች ከፎርክስ ወደ ደቡብ 27 ማይል ነው፣ እዚያው 101 ዳር። ከመኪና ማቆሚያው የሩብ ማይል ቁልቁለት ነው፤ ከላይ ሆኖም ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አሸዋው ውስጥ ባለው ቀይ ድንጋይ ብናኝ ነው ስሙን ያገኘው፣ እንደ ስሙ ቀይ ግን አይደለም፤ ልጄ በዚህ በጣም አዝናለች። ትንሽ ወንዝ ይወርዳል፣ ልጆች እዚያ ውስጥ ግድብ ሲሠሩ ይውላሉ፤ ባለቤቴ እንዳለችው እኛም ካልገደብን አንወድም። ከታች ግንድ አለ፣ ግን ከሁለተኛው ይቀላል፤ ደጋፊ ካለ አንድ ትልቅ ሰው ይሻገረዋል። አንድ ቢች ብቻ የማየት ጊዜ ያለው፣ ታይዱንም ለማየት ያልተመቸው ሰው ሩቢ ቢሄድ አይቆጭም።

ካላሎክ ከሩቢ ዝቅ ብሎ ነው። ሰፊ አሸዋ፣ ካምፕ፣ ሎጅ። አለት የለም ማለት ይቻላል፤ ለሩጫና ለኳስ ጥሩ፣ ለዓይን ግን ከሌሎቹ ያንሳል። "የሕይወት ዛፍ" የሚሉት ሥሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ የቆመ ጥድ መሳይ ዛፍ ያየሁት እዚያ ነው። ሥሩ የነበረውን አፈር ውኃ ወስዶት ዛፉ በሁለቱ ጫፍ ብቻ ተይዞ ነበር። ሳየው ያኔውኑ ወደ መውደቁ ነበር፤ ለእሱ ብላችሁ ብቻ አትንዱ።

ከሁሉም የከበደውና የወደድኩት ሺሺ ነው፣ በስተሰሜን ጥግ። መንገዱ የሚነሳው ከማካህ ሕዝብ ምድር ስለሆነ መጀመሪያ ኒያ ቤይ መንደር ገብቶ የመዝናኛ ፈቃድ መግዛት ግድ ነው፤ እኛ ለመኪናው 20 ዶላር ከፈልን። ይሄ ከፓርኩ መግቢያ የተለየ ነው (ፓርኩ ለአንድ መኪና ለሰባት ቀን 30 ዶላር ነበር)፣ አንዱ ሌላውን አይተካም። ከዚያ በጫካ ሁለት ማይል ገደማ፣ መጀመሪያው የእንጨት ድልድይ፣ ቀጥሎ ጭቃ። ጭቃ ስል የሐምሌ የጎጃም ጭቃ፣ ጫማ የሚያስቀር። ከጓደኞቼ አንዱ አዲስ ነጭ ስኒከር አድርጎ መጣ፤ ምን እንዳልነው አልጽፍም። መጨረሻ ላይ ገመድ የታሰረበት ገደል ይወረዳል። ታች ሲደርሱ ረጅም ቅስት አሸዋ፣ በስተደቡብ ጫፉ ላይ ደግሞ ፖይንት ኦፍ አርችስ፦ በደርዘን የሚቆጠሩ አምባዎችና የተበሱ አለቶች አንድ ላይ። ደርሶ መልስ እስከዚያ 8 ማይል ነው። ልጅ ከአሥር ዓመት በታች ከሆነ ይቅር።

ሺሺ ከበዛባችሁ እዚያው አቅራቢያ ኬፕ ፍላተሪ አለ፣ የአላስካና የሃዋይ ሳይቆጠር የአሜሪካ ሰሜን ምዕራባዊ ጫፍ። መንገዱ ሦስት አራተኛ ማይል ነው፣ ቁልቁል ስለሚሄድ ሲመለሱ ዳገት መሆኑን አትርሱ። ቢች የለውም፤ ገደል ላይ ቆመህ ሥርህ ያለውን ዋሻ ውኃው ሲገባና ሲወጣ ትሰማለህ። ልጆችን እጅ መያዝ። መንደሩ ውስጥ ያለውን የማካህ ሙዚየም አትለፉት። ኦዜት የሚባል መንደራቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በጭቃ ናዳ ተቀብሮ ነበር፤ በ1970 ማዕበል ዳሩን ሲሸረሽረው እቃው ሳይበሰብስ ወጣ። ቅርጫቱ፣ የዓሣ መንጠቆው፣ የእንጨት ሳጥኑ አለ። እናቴ ቅርጫቶቹ ፊት ቆማ ስፌቱን በጣቷ አየር ላይ ስትከተል አየኋት፤ "አክርማ ነው የሚመስለው" አለች።

አደጋውን ባጭሩ ልበል፣ ማስፈራራት ባልወድም።

ባሕሩን ጀርባ አትስጡት። ትናንሽ ማዕበል ሲመላለስ ቆይቶ አንዱ ሳይታሰብ እስከ ግንዱ ይደርሳል። በሙላት ሰዓት ግንድ ላይ መቀመጥም መቆምም አይገባም፤ ያ ዓሥር ሰው የማያነሳው ግንድ ትንሽ ውኃ ሥሩ ሲገባ ይንሳፈፋል፣ ይንከባለላል፣ ሰው ይገድላል። ማስጠንቀቂያው በየመግቢያው ተለጥፏል፣ ሰው ግን ሥሩ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ውኃው በበጋም ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ነው፤ እግር ይደነዝዛል፣ ዋና አይታሰብም። ሌላው ሰማያዊው የሱናሚ ምልክት ነው። በጥር 1700 እዚህ ዳርቻ ላይ ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆኖ ባሕሩ ወጥቷል፤ ክዊሊዩቶች በዚህ ስጋት ትምህርት ቤታቸውን ወደ ከፍታ አዛውረው በ2022 ከፈቱ። መሬቱ ረዘም ላለ ጊዜ ከተንቀጠቀጠ እቃ ሳትሰበስቡ ወደ ላይ መሮጥ ነው።

አየሩ ደግሞ ያታልላል። ሲያትል 32 ዲግሪ ሲሆን ቁምጣ ለብሳችሁ ትሄዱና ዳርቻው ላይ ጉም ወርዶ 14 ዲግሪ ይጠብቃችኋል። የሚሞቀው አየር ጉሙን ከባሕሩ ይስበዋል። ፎርክስ በዓመት 3,000 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ የሚወርድበት አገር ነው፣ የአዲስ አበባን ከእጥፍ በላይ። ጃኬት በሐምሌም ይያዝ፣ ለልጆች ቅያሪ ካልሲ ሁለት ሁለት። ጋቢ ካላችሁ ጋቢ፤ ከገዛሁት ውድ ጃኬት ሁሉ እናቴ ላይ የሠራው እሱ ነው።

ነዳጅና አስቤዛ ፖርት አንጀለስ ላይ ጨርሱ። ካርታና የታይዱን ሰንጠረዥ ስልካችሁ ላይ ቀድማችሁ አውርዱ ወይም እንደ እኔ ወረቀት ላይ ጻፉት። ኒያ ቤይ አካባቢ ስልኩ ማዶ ያለውን የካናዳ መስመር እየያዘ ስለሚያስከፍል ሮሚንጉን ዝጉት። ድንኳን ለምትተክሉ፣ ምግብ የሚዘጋበት ጠንካራ ጣሳ ዳርቻው ላይ ግዴታ ነው፤ ድብ ስላለ ብቻ ሳይሆን ራኩን ስላለ ነው። እኛ ሞራ ካምፕ ያደርን ጊዜ ጠረጴዛ ላይ የረሳነውን የዳቦ ቆሎ ከረጢት ሌሊት ከፍቶ ሲቆረጥም ድምፁ ቀሰቀሰን። ባትሪ ሲበራበት ዞር ብሎ አየንና ቀጠለ።

ሁለት ቀንና አንድ ሌሊት ላለው ቤተሰብ አሁን የምመክረው እንዲህ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በኤድመንድስ ጀልባ ወደ ኪንግስተን፣ ወይም ወረፋው ከበዛ በታኮማ ድልድይ ዞሮ። ከሰዓት በኋላ በሙላቱ ሰዓት አንደኛዋ ቢች ላይ ሻይ፤ አቅም ያለው ማታ ሁለተኛውን ይውረድ። ፎርክስ ማደር። እሁድ በጠዋቱ ጉድለት ሪያልቶ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ሩቢ፣ በአበርዲንና በኦሊምፒያ አድርጎ ቤት። በዚህኛው መንገድ ጀልባ ስለሌለ የእሁድ ማታውን ወረፋ ታመልጣላችሁ። ጉድለቱ ጠዋት የማይውልበት ሳምንት ከሆነ ሪያልቶን በሩቢ ተኩ።

የአጎቴ ልጅ ባለፈው ዓመት እንደገና ሄደ፣ በዚህ ጊዜ ሰንጠረዡን ራሱ አንብቦ። ከአለቱ በር ውስጥ ቆሞ የተነሳውን ፎቶ ፎርክስ ሲደርስ ላከልኝ። ከሥሩ የጻፈው ሰዓቱን ብቻ ነው፦ "1፡20፣ በሐበሻ።"